የሚመለከተው አካል

ለዓመታት ጽሑፎቼን የምዘጋባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። «የሚመለከተው አካል አፋጣኝ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።» ስለ ቤት ኪራይ ጽፌ በእሷ ዘጋሁ። ስለ መጻሕፍት ዋጋ ጽፌ በእሷ ዘጋሁ። አንዴማ ስለ እንቅልፍ እጦት የጻፍኩትንም በእሷው ነው የዘጋሁት፤ የትኛው አካል መጥቶ እሹሩሩ እንዲለን እንደፈለግኩ እንጃ።

የምኖረው በግሌ እየጻፍኩ ነው። ፍሪላንሰር ነኝ። ቋሚ አለቃ የለኝም፣ ቋሚ ደመወዝም የለኝም፣ የሚከፈለኝ በጽሑፍ ነው። አንድ ወር ስድስት ሥራ ይደራረባል፣ በቀጣዩ ወር ስልኬ የተበላሸ እስኪመስለኝ ድረስ ጭር ይላል። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ለምን መሰላችሁ? ከግራ ዘመምነት ወደ ሊበርታሪያንነት፣ ማለትም የመንግሥት ሥልጣን ይነስ የግለሰብ ነጻነት ይስፋ ወደሚለው አስተሳሰብ፣ አቋሜ እንዴት እንደተቀየረ የሚጠይቁኝ ሰዎች አንድ መጽሐፍ አንብቤ በአንድ ሌሊት የበራልኝ ስለሚመስላቸው ነው። እንደዛ አይደለም። በየጽሑፉ፣ በየክፍያው፣ አንዳንዴም በንዴት፣ አስር ዓመት ገደማ የፈጀ ነገር ነው።

መጀመሪያ ነገሩን የነካኩት አንድ አርታኢ ናቸው። ጽሑፍ ወረቀት ላይ አትመው በቀይ እስክሪብቶ ካላረሙ የማይረኩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው። አንድ ቀን ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ የሚመለከተው አካል የምትዪው ማነው?»

«ያው... የሚመለከተው ነዋ» አልኩ።

«ስም የለውም?»

ዝም አልኩ።

«የሚመለከተው ቢሆን ኖሮ እስካሁን አይመለከትም ነበር?» ብለው ሳቁ። ጽሑፉ የመጨረሻው አንቀጽ ተሰርዞ ወጣ።

ሰውየው ስለ መንግሥት ሚና ሊያስተምሩኝ ፈልገው አልነበረም። የሰለቻቸው ቃሉ ነው። በሚቀጥለው ጽሑፍ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር ላለመጠቀም ወሰንኩና ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጬ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። መዝጊያ ጠፋኝ። ለካ እሷ መዝጊያዬ ብቻ አልነበረችም፤ ያለኝ ሐሳብ በሙሉ እሷ ነበረች።

ያኔ ግራ ዘመም ነበርኩ። ግማሽ ልቤ አሁንም እዚያው ይመስለኛል። የማስበው እንዲህ ነበር፦ ችግር ካለ ሕግ ይውጣ። ሕጉ ካልሠራ ሌላ ሕግ ይውጣ። እሱም ካልሠራ ችግሩ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፣ ደግ ሰው ይቀመጥበት። ወንበሩ ራሱ ምን ያህል እንደሚያይ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚችል አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ቋንቋችንም አያግዝም። ሰው ሲዘረፍ «የመንግሥት ያለህ!» ብሎ ነው የሚጮኸው። ጽድቅ ስንመኝ የምንመኘው መንግሥተ ሰማያትን ነው። አንዱ ቃል ገነትንም ግብር ሰብሳቢውንም ተሸክሞ ይሄዳል። በዚያ ላይ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» አለ። በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው መንግሥትን እንደ አንድ ተራ መሥሪያ ቤት፣ ሊሳሳት እንደሚችል የሰዎች ስብስብ ለማየት ትንሽ ትግል ይጠይቀዋል። እኔን ጠይቆኛል።

ከዚያ የካሊፎርኒያው ነገር መጣ። ካሊፎርኒያ ኖሬ አላውቅም፤ ግን በግሉ የሚጽፍ ሰው የትም ይኑር የት ያን ሰሞን ስለዚያ ሕግ ሳያወራ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2019 መስከረም ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው) አገረ ገዥው ኤቢ 5 የሚባል ሕግ ፈረሙ። ዓላማው ደግ ነው። ድርጅቶች ሠራተኛን «የግል ተቋራጭ» እያሉ ከሕመም ፈቃድ፣ ከሥራ አጥ መድን፣ ከዝቅተኛ ደመወዝ ወለል እንዳያስቀሩት ነው። በስልክ መተግበሪያ እየተጠሩ የሚሠሩ ሾፌሮች ነበሩ ዋናው ጉዳይ። እኔም ወሬውን እንደሰማሁ ለሕጉ ውዳሴ ልጽፍ ተነሳሁ። ርዕሱንም አውጥቼ ነበር።

ለጽሑፉ ብዬ ዝርዝሩን ሳነብ ስለ ጸሐፊዎች የሚናገረው ጋ ደረስኩ። አንድ ፍሪላንሰር ለአንድ ጋዜጣ ወይም ድረ ገጽ በዓመት ከ35 በላይ ጽሑፍ ካቀረበ እንደ ተቀጣሪ ይቆጠራል። ሠላሳ አምስት። የሳምንት ዓምድ ያለው ሰው ከጥር ቢጀምር ነሐሴ ማለቂያ ላይ ኮታው አለቀ ማለት ነው። የክፍያ ደረሰኞቼን የማስቀምጥበትን ፎልደር ከፈትኩና የራሴን ቆጠርኩ። በዚያ ዓመት ለአንዱ ደንበኛዬ ብቻ 41 ጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ደንበኛዬን አውቀዋለሁ። የድረ ገጹን ኪራይ ራሱ ለመክፈል የሚንገዳገድ ሰው ነው። ሕጉ እኛ ጋ ቢኖር ኖሮ ሊቀጥረኝ? ኧረ በምኑ! 35ኛው ላይ አመስግኖ ያሰናብተኛል። ስድስቱ ጽሑፎች፣ ማለትም የአንድ ወር ተኩል ገቢዬ፣ እኔን ለመጠበቅ ሲባል ይጠፋሉ።

እዚያም የሆነው እሱ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አንድ ትልቅ የሚዲያ ድርጅት የካሊፎርኒያ የስፖርት ገጾቹን ከሚጽፉለት ፍሪላንሰሮች ወደ 200 ከሚጠጉት ጋር ውሉን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሌሎች ደግሞ ማስታወቂያቸው ላይ የካሊፎርኒያ ሰው እንዳያመለክት መጻፍ ጀመሩ። ሕጉን ያረቀቁት የምክር ቤት አባል ስለ 35 ቁጥር ሲጠየቁ ትንሽ በግምት የተቀመጠ መሆኑን አልካዱም። እኔን የከነከነኝ ግምቱ አይደለም፤ ሁላችንም እንገምታለን። የእኔ ግምት ሲሳሳት ግን ከኪሴ ነው የሚወጣው።

ሌላም ነገር አየሁ። ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ የቤት ሽያጭ ደላሎች ገና ከመጀመሪያው ከሕጉ ውጪ ተደርገዋል። ለምን? ማኅበር አላቸው፣ አቅም አላቸው፣ በሩን ማንኳኳት ያውቁበታል። ጸሐፊዎቹ ከስንት ጩኸትና አቤቱታ በኋላ በ2020 መስከረም ወር በወጣ ማሻሻያ የ35ቱ ገደብ ተነሳላቸው። ያ ስምንት ወር ገደማ ግን ለአንዳንዱ ሥራውን ጨርሶ የቀየረበት ጊዜ ነው። እኔ ደካማውን ለመጠበቅ መንግሥት ይጠንክር እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተጠናከረው ነገር መጀመሪያ የሚሰማው ግን ጠንካራውን ሆኖ ተገኘ።

ውዳሴውን አልጻፍኩትም።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ እንደ ተናደደ ሰው፣ ያለ ቅደም ተከተል። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለመሥራት የመንግሥት የሙያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከመቶ አምስት እንኳ የማይሞላው ሠራተኛ ነበር፤ በ2008 ከሩብ በላይ ሆኗል። የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፈቃድ ይኑረው፣ እሺ። ሉዊዚያና ግን አበባ አቀናጅቶ ለመሸጥም ፈቃድ ትጠይቅ ነበር። እስከ 2010 ድረስ ደግሞ የተግባር ፈተናም ነበረው፤ ዳኞቹም ራሳቸው ፈቃድ ያላቸው አበባ ሻጮች ነበሩ። ማለትም ነገ ተወዳዳሪያቸው የሚሆነውን ሰው ዛሬ የሚያሳልፉትም የሚጥሉትም እነሱ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ቆመ። ከጥቂት ዓመት በፊት «ጸሐፊ ነኝ ባዩ ስለበዛ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል» ብዬ የጻፍኩት ጽሑፍ ትዝ አለኝ። አሁንም እዚያው አለ፤ አላስጠፋሁትም፣ ያሳፍረኝ ብዬ።

ከሁሉ ቀስ ብሎ የገባኝ የዋጋ ነገር ነው። ዋጋ ለእኔ የነጋዴ ስግብግብነት የሚጻፍበት ቁጥር ነበር። የኢኮኖሚክስ ሊቁ ፍሬድሪክ ሃይክ በ1945 ባወጣው አንድ አጭር ጽሑፍ የቆርቆሮን (ቲን የሚባለውን ብረት) ምሳሌ ያነሳል። ዓለም ላይ የሆነ ቦታ ለቆርቆሮ አዲስ ጥቅም ተገኘ እንበል፣ ወይም አንዱ ማዕድን ማውጫ ተዘጋ። ቆርቆሮ የሚጠቀመው ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም። ዋጋው ጨመረ፤ ቆጥቦ ይጠቀማል። ማንም ሳያዘው፣ ስብሰባ ሳይጠራ። እውቀቱ በሚሊዮን ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተበትኖ ነው ያለው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስቦ ሊያየው የሚችል ኮሚቴ የለም ነው የሰውየው ነገር። ያኔ የአርታኢዬ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የሚመለከተው አካል ክፉ አልነበረም ለካ። አያይም እንጂ።

ይህን በራሴ ሥራ ልፈትነው ብዬ አንድ የድሮ እምነቴን አወጣሁ፦ ለአንድ ቃል የሚከፈለው ዝቅተኛ ዋጋ በሕግ ይወሰን የሚለውን። ለዚህ ፊርማ አሰባስቤ አውቃለሁ። እስቲ ወሰኑት እንበል። አሁን የሚከፈለኝን ያህል ያድርጉት። እኔ ተጠቀምኩ። ግን የመጀመሪያ ዓመቴን አስታወስኩ። ስም የለኝም፣ የምጽፈው ነገር ገና ጥሬ ነው፣ አንድ ትንሽ መጽሔት ከቃሉ ዋጋ ይልቅ የመብራቱ ወጪ በሚበልጥ ክፍያ ሥራ ሰጠኝ። አፍሬ ለማንም አልነገርኩም፤ ግን እዚያ ነው መጻፍ የተማርኩት። ዋጋው በሕግ ቢወሰን ያ መጽሔት ያን ሥራ የሚሰጠው ለእኔ አልነበረም። በዚያ ዋጋ ልምድ ያለው ሰው ያገኛላ! ፈረንሳዊው የኢኮኖሚ ጸሐፊ ባስቲያ በ1850 የሚታየውንና የማይታየውን ለይታችሁ ተመልከቱ ብሎ የጻፈው ይህንኑ ነው። የሚታየው ክፍያው ከፍ ያለለት ጸሐፊ ነው፤ እሱ ፎቶ ይነሳል፣ ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። የማይታየው ጸሐፊ ሳይሆን የቀረው ነው። እሱ ምን እንደቀረበት ራሱም አያውቅም። እኔ ደግሞ ለአንድ ፊርማ ያህል ከዚያኛው ወገን ልሆን ነበር።

ስሙ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። ሊበርታሪያን የሚለውን ቃል በአማርኛ ምን እንበለው? «ነጻ አውጪ» ብል ጫካ የገባሁ ይመስላል። «አርነታዊ» ብል ደግሞ የድሮ የጸሎት መጽሐፍ ይሸታል። «ሊበራል» የሚለውን እያንዳንዱ አገር ለየራሱ ጠብ ወስዶታል። ታሪኩም ያስቃል። ቃሉን በ1857 ለፖለቲካ የተጠቀመበት ዦዜፍ ዴዣክ የሚባል ፈረንሳዊ የግራ አናርኪስት ነበር፤ የግል ንብረት የሚባል ነገር አልወድም የሚል ሰው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካኖቹ የነጻ ገበያ ሰዎች ወሰዱት። ስለዚህ አንዱ ቀኝ ዘመም ሲለኝ ሌላው ግራ ዘመም ሲለኝ ብዙም አልከራከርም። ራሴን ሊበርታሪያን ነኝ የምለው በግማሽ ድምፅ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ግን በሙሉ ድምፁ ነው የሚያወራው።

«ታዲያ ለሀብታም ጥብቅና ቆምሽ በይኛ!»

«ሀብታሙማ በሕጉ መሐል የራሱን ቀዳዳ ያስቀምጣል እያልኩህ ነው።»

«ስትታመሚስ? ሥራ ስታጪስ? ሃይክሽ ያስታምምሻል?»

ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም፣ በተለይ የሕመም ፈቃድ ለሌለው ሰው። በትኩሳት እየተንቀጠቀጥኩ ጽሑፍ ያስረከብኩበት ቀን አለ። ሃይክም ሆነ አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን ለዚህ ጨርሶ መልስ አልነበራቸውም ማለት ግን ስህተት ነው። ሃይክ ማንም ከዚያ በታች የማይወርድበት ዝቅተኛ ገቢ በመንግሥት መረጋገጡን አልተቃወመም፤ ፍሪድማንም በ1962 ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆነ ሰው ግብር ሰብሳቢው ራሱ ገንዘብ እንዲከፍለው ሐሳብ አቅርቧል። ለድሃው ገንዘቡን ስጡት፣ እንዴት እንደሚኖር ግን አትምሩት፤ ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። እኔ እዚህ ጋ ነው የቆምኩት። ግብር ሁሉ ስርቆት ነው ከሚሉት ጋር አብሬ መጮህ አልቻልኩም።

ወንድሜ ደግሞ ዝም ብሎ አይሸነፍም። አንድ ቀን ሃይክ በ1977 እና በ1981 በወታደራዊው አምባገነን በፒኖቼት ዘመን ቺሊ መሄዱን አንብቦ መጣ። እዚያም ለጋዜጣ ሲናገር ሊበራልነት ከጎደለው ዴሞክራሲ ሊበራል አምባገነን ይሻለኛል ብሏል። እውነት ነው። ስለ ነጻነት ዕድሜውን ሙሉ የጻፈ ሰው፣ ሰዎች እየታሰሩና እየተሰወሩ ባሉበት አገር እንዲህ ማለቱን ማስተባበያ አልፈለግኩለትም። «ተሳስቷል» አልኩት። ወንድሜ ጦርነት ጠብቆ ስለነበር ትንሽ ከፋው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክም በ1974 መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ትቶብኛል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ዊልት ቻምበርሊንን ምሳሌ ያደርጋል። ሀብት በፈለጋችሁት መንገድ ፍትሐዊ ነው ብላችሁ አከፋፍሉ ይላል። ከዚያ አንድ ሚሊዮን ሰው በፈቃዱ ቻምበርሊን ሲጫወት ለማየት 25 ሳንቲም ሳጥን ውስጥ ቢጨምርለት ሰውየው 250,000 ዶላር ያገኛል። ማን ተበደለ? ለእኔ ከአንባቢ ኪስ በትንሽ በትንሹ ለሚለቀምልኝ ሰው ይሄ ልብ የሚያሞቅ ምሳሌ ነው። ግን የመጀመሪያው ክፍፍል ራሱ በጉልበት የተወሰደ ቢሆንስ? ኖዚክ ጥያቄውን ያውቀዋል፣ ያለፈ ግፍ መታረም አለበት ይላል፣ ከዚያ እንዴት እንደሚታረም ሳይተነትን ያልፈዋል። ዓለም ላይ ደግሞ መነሻው ንጹሕ የሆነ ንብረት ስንት አለ? እዚህ ላይ መልስ የለኝም፤ አለኝ የሚሉትንም ብዙ አላምናቸውም።

ሰዎች ሊበርታሪያን ሲባል አሁን የሚታያቸው በ2023 የተመረጡት የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንትና የመንግሥትን ወጪ እቆርጣለሁ ሲሉ የያዙት የዛፍ መቁረጫ መጋዝ ነው። እኔን ግን ወደዚህ ካመጡኝ ሰዎች መሐል ከማንም ይልቅ የምወዳት ሊበርታሪያን እንኳ አይደለችም። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ኤሊኖር ኦስትሮም፣ በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት። የጋራ ነገር ወይ መንግሥት ይያዘው ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል፣ አለዚያ ይጠፋል ሲባል እሷ በተግባር የሚሆነውን መረመረች። ቶርበል የሚባል የስዊስ ተራራ መንደር አለ፣ የጋራ ግጦሽ ያለው። ከ1517 ጀምሮ አንድ ደንብ ነበራቸው፦ ማንም በክረምት ቀልቦ ማሳለፍ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው መስደድ አይችልም። አለቀ። ከሩቅ ከተማ የመጣ ባለሥልጣን አላወጣላቸውም። እነሱው አወጡት፣ እነሱው ይቆጥራሉ፣ ያጠፋውን እነሱው ይቀጣሉ። ያን ገጽ ሳነብ የሚመለከተውን አካል ለመጀመሪያ ጊዜ በፊቱ አየሁት። ላሞቹን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ አምኜ፣ ተረጋግቼ ተቀምጬ ሳለ ነው አንድ ደንበኛ ገንዘቤን የከለከለኝ። አራት ጽሑፍ አስረክቤአለሁ፣ ወጥተዋል፣ ተነበዋል። ደረሰኝ ላክሁ፣ ዝም። ደገምኩ፣ «በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ሦስተኛው ወር ላይ ስልክ ማንሳት አቆሙ። ያን ቀን ማታ ወንድሜ ፊት ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «የመንግሥት ያለህ!»

ከሶፋው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

በእርግጥ መከራከሪያ አለኝ። ኖዚክ ይበቃል የሚላት ትንሿ መንግሥት ራሷ ውል ታስከብራለች፣ ፍርድ ቤት አላት፤ ውል ማፍረስ ስርቆት ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ግን ያን ያህል ገንዘብ ለማስመለስ ጠበቃ ብይዝ ጠበቃው ከገንዘቡ ይበልጣል። ሁለታችንም እናውቀዋለን። ትልቁ መንግሥት ስድስት ጽሑፌን ሊወስድብኝ ነበር ብዬ የጮኽኩት ሴትዮ፣ በትንሹም በኩል አራቱን ተነጥቄአለሁ።

ከብዙ ንዴት በኋላ እንደኔ በግላቸው የሚጽፉ ልጆች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጉዳዩን ጣልኩት። ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር መጡ፤ እነሱንም ያው ደንበኛ ይዞባቸዋል። ሦስት ሆነን አንድ ደብዳቤ ጻፍን፣ ቀኑን፣ የጽሑፎቹን ርዕስ፣ የእያንዳንዱን ክፍያ ዘርዝረን። ካልተከፈለን ለእሱ ማንም እንዳይጽፍለት ግሩፑ ላይ እንደምንናገርም ጨመርንበት። በሳምንቱ ግማሹ ገባ።

ግማሹ ይቀራል። ወንድሜ በደወለ ቁጥር ገና ሰላም ሳይለኝ «የሚመለከተው አካል ምን አለ?» ይለኛል። ሦስተኛውን ደብዳቤ ዛሬ ማታ እየጻፍኩ ነው።